ምንጭ?

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ከቅኔ ቤት የመጣ ተማሪ አንድ የግእዝ ቃል ሲፈታ «የኔታ እንዳሉት» ብሎ ጻፈ። በቀይ «ምንጭ?» አልኩት። ጀርመናዊው ዲልማን እንዳለው ቢል ኖሮ ዝም ነበር የምለው!

እስቲ ልብ በሉ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ሮም ሳሉ ጣሊያናዊውን ጊዲን አማርኛ አስተምረዋል፤ በ1901 እ.ኤ.አ. የወጣው መዝገበ ቃላት ሽፋን ላይ ግን ያለው የጊዲ ስም ነው። የራሳቸውን የግእዝ መዝገበ ቃላት ጅምር ለተማሪያቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አወረሱ። አለቃ በ«አበገደ» ተራ አሰናዱት፤ ከዕብራይስጥ፣ ከዐረብኛና ከሱርስት አስተያዩት፤ ሳይታተም አረፉ። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ከየኔታ ወደ ተማሪ፣ ሦስት ሰው!

ተማሪዬ ወረቀቱን መለሰልኝ። ከቀዩ ቀለም ሥር «የኔታ» ብሎ ደግሞ ጽፎበታል።