ቅኔ መገዛት ነው



ነቢዩ ዳዊት፥ ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን ያለ ዋጋ ሊሰጠው በወደደ ጊዜ፥ ያልደከመበትን መሥዋዕት ለአምላኩ ማቅረብን እንቢ ብሎ በ50 ሰቅል ብር እንደ ገዛው በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፎ እናገኛለን። በቤተ እግዚአብሔር የሚቀርብ ውበት ሁሉ በዚሁ ሚዛን የሚመዘን መሆኑን ከጎጃም ሊቃውንት ታሪክ እንረዳለን።

የደብረ ማርቆስ ከተማ አስቀድሞ መንቆረር ይባል ነበር። የዛሬውን ስም ያገኘው፥ ራስ አዳል ሲባሉ ቆይተው በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካሠሩት ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሕንፃውን ያቆመ ንጉሥ ነው፤ በእንዲህ ያለው ሕንፃ ውስጥ የሚሰማውን ውበት ግን ያቆዩት በደብረ ኤልያስ፥ በዲማ ጊዮርጊስና በዋሸራ ጉባኤያት የተማሩ ድኆች ናቸው።

የቅኔ ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ ይዞ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ይለምናል። ከጓደኞቹ ተለይቶ ቅኔ ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ እስኪደርስ ብዙ ይደክማል። ቤቱ መምታት፥ ዜማው መስተካከል፥ ሰሙም ወርቁን መሸከም አለበትና።

ይህ ሁሉ ከተደከመበት በኋላ ግን ቅኔው በማኅሌት አንድ ጊዜ ተሰምቶ ያልፋል። የቅዱስ ያሬድ ድጓ በየዓመቱ በየበዓሉ ይደገማል፤ ቅኔ ግን ለየዕለቱ አዲስ ሆኖ ይቀርባል እንጂ የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም። ባለቅኔው የድካሙን ፍሬ ለአምላኩ ሰጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስሙም ይህንኑ ይመሰክራል፤ የቅኔ ትርጓሜ በግዕዝ መገዛት፥ ማገልገል ነውና።

እንግዲህ ባለቅኔ የሰውን ውዳሴ የፈለገ እንደ ሆነ፥ ወርቁ ቢያምርም መገዛቱ ጠፍቶበታል። ልቤ ንጹሕ ነው በማለት ሳይማርና ሳይጠነቀቅ የሚያገለግልም ዳዊት እንቢ ያለውን መሥዋዕት ያቀርባል። እኛም ሰሚዎቹ ለተማሪው ቁራሽ በሰጠን ጊዜ የመሥዋዕቱ ተካፋዮች እንሆናለን፤ በነፈግነው ጊዜ ግን ጉልላቱ ያማረ፥ ውስጡ ዝም ያለ ቤተ መቅደስ ለልጆቻችን እናወርሳለን። ከዚህ ይሰውረን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።