የሽቦው ቅርፊት፦ የጋዝ ቅንጣት መመርመሪያዎች እርጅና ታሪክ

ኧርነስት ራዘርፎርድ እና ሃንስ ጋይገር እ.ኤ.አ. በ1908 በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የአልፋ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ የቆጠሩበት መሣሪያ አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ጋዝ የያዘ የብረት ቱቦ፣ በመሃሉም የተወጠረ ቀጭን ሽቦ። በቱቦውና በሽቦው መካከል ከፍተኛ ቮልቴጅ አለ። ጋዙን አቋርጦ የሚያልፍ ቅንጣት ጥቂት ኤሌክትሮኖችን ከሞለኪውሎች ያላቅቃል። እነዚህ ወደ ሽቦው ሲሮጡ ሌሎችን እያላቀቁ ይበዛሉ፤ ሽቦው ዘንድ ሲደርሱም ሊለካ የሚችል የኤሌክትሪክ ምት ይሆናሉ።

ችግሩም ከዚሁ አሠራር ጋር አብሮ ተወልዷል። ኤሌክትሮኖችን የሚያበዛው ኃይል የጋዙን ሞለኪውሎችም ይሰባብራል። ካርቦን ያለባቸው ስብርባሪዎች እርስ በርስ እየተያያዙ ሽቦው ላይ ቅርፊት ይሠራሉ፤ ምቱም እየደከመ ይሄዳል። የዘርፉ ሰዎች ይህን «እርጅና» ይሉታል። ምክንያቱ በጥቅሉ ከታወቀ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ትልልቅ መመርመሪያዎች ሳይታሰብ አርጅተዋል። ለምን? መዛግብቱ እንደሚያሳዩት አንዱ ዋና ምክንያት የዓመታትን ሥራ በሳምንታት አሳጥሮ በመፈተን ላይ የተጣለው እምነት ነው።

ጋይገር ከዋልተር ሙለር ጋር በ1928 በኪል ከተማ የሠራው ቆጣሪ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። በ1937 አዶልፍ ትሮስት በጋዙ ላይ የአልኮል ትነት ጨመረበትና ቆጣሪው ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ፍሰቱን በራሱ የሚያቆም ሆነ። ዋጋው ግን ነበረው፤ በየምቱ ጥቂት አልኮል ይፈርሳል፤ የፈረሰው አይመለስም። በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ሲድኒ ሊብሰን እና ኸርበርት ፍሪድማን አልኮሉን በሃሎጅን ተኩ። የተሰነጠቀ የሃሎጅን ሞለኪውል ተመልሶ ስለሚጋጠም የቆጣሪው ዕድሜ እጅግ ረዘመ።

ነገሩን ያከበደው የጆርጅ ሻርፓክ ፈጠራ ነው። ሻርፓክ በ1968 በሰርን የምርምር ማዕከል በአንድ ጋዝ ውስጥ ብዙ ሽቦዎችን ጎን ለጎን ወጥሮ እያንዳንዱ እንደ ራሱ ቆጣሪ እንዲሠራ አደረገ፤ በ1992ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ከአርጎን፣ ከአይሶቡቴንና ከጥቂት ፍሪዮን የተቀመመው «አስማተኛ ጋዝ» ትልልቅ ምት ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ሻርፓክና ባልደረቦቹ በ1972 ያሳተሙት ጽሑፍ መመርመሪያዎቹ በጊዜ ብዛት እንደሚበላሹ አስታወቀ። መፍትሔ ያደረጉት ሜቲላል የተባለውን ፈሳሽ ትነት መጨመርን ነው፤ አዮኖቹ ቻርጃቸውን ለሜቲላል ያስረክባሉ፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ ቅርፊት አይሠራም።

ሌላው የእርጅና መልክ ከሽቦው ፊት ለፊት ባለው ካቶድ ላይ የሚታየው ነው። ሉዊስ ማልተር በ1936 እንዳስረዳው፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ስስ ልባስ ላይ ፖዘቲቭ ቻርጅ ሲከማች ከሥሩ ካለው ብረት ኤሌክትሮኖችን ይስባል። ካቶዱ እንዲህ ያለ ልባስ ካበጀ ጨረሩ ቢቆምም ፍሰቱ ራሱን በራሱ ይቀጥላል።

በጥር 1986 የዘርፉ ሰዎች በበርክሌይ ተሰብስበው ያጋጠማቸውን ብልሽት አንድ ላይ አኖሩ። ከቱቦ የሚወጣ ትነት፣ የሲሊኮን ዘይት፣ ሙጫ፣ የጋዝ ንጽሕና፣ ሁሉም ተነሡ። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የፈተናን ፍጥነት የሚመለከት ነበር። ብዙ ጨረር በአጭር ጊዜ የተለቀቀበት መመርመሪያ፣ ያንኑ መጠን ቀስ ብሎ ከተቀበለው ያነሰ ሊጎዳ ይችላል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ቀርቷል፤ ሆኖም ትላልቆቹ ድንጋጤዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

በሃምቡርግ የዴዚ ላቦራቶሪ ለሄራ ቢ ሙከራ የታቀዱት የማር እንጀራ ቅርጽ ያላቸው ክፍሎች በኤክስሬይ ሲፈተኑ ጸንተው ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ እውነተኛው የፕሮቶን ግጭት ዘንድ ሲቀርቡ ግን ብዙም ሳይቆዩ የማልተር ፍሰት ታየባቸው። ክፍሎቹ የተሠሩበት ፕላስቲክ በመዳብና በወርቅ ተለበጠ፤ ጋዙም ተለወጠ። ፈተናው የጨረሩን መጠን እንጂ ዓይነቱን አልመሰለም ነበር።

የፌርሚላብ ሲዲኤፍ ሙከራ ታሪክ የበለጠ ያስተምራል። መካከለኛው መመርመሪያው እኩል አርጎንና ኢቴን፣ ከ1.7 በመቶ አይሶፕሮፓኖል ጋር ይዞ ይሠራ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የከፋ ጉዳት የደረሰባቸው ክፍሎች የማባዛት አቅማቸውን ግማሽ ያህል አጡ። በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ሽቦ የተከማቸው ቻርጅ 35 ሚሊኩሎምብ ገደማ ብቻ ነበር። ሽቦዎቹ ሲመረመሩ ቅርፊቱ በአብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጅን ሆኖ ተገኘ፤ በጣም የከፋውም ጋዙ በሚወጣበት ጫፍ ነበር። ባለሙያዎቹ የጋዙን ሥርዓት ሲያስተካክሉ ጥቂት ኦክሲጅን እርጅናውን እንደሚቀለብስ ደረሱበት። ከሚሊዮን 100 እጅ ያህል ኦክሲጅን ሁለት ዓመት የሚጠጋውን ጉዳት ከ10 ቀን ባነሰ ጊዜ መለሰው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ኦክሲጅን ኤሌክትሮኖችን ስለሚይዝና ምቱን ስለሚያደክም ባለሙያዎች ከጋዛቸው ሲያስወጡት የኖሩት ነገር ነው። በጥቂቱ ሲገባ ግን የሽቦውን ካርቦን ያቃጥለዋል።

በሰርን የኤል ኤች ሲ ቢ ሙከራ የውጭ መመርመሪያ የገጠመው ደግሞ የበርክሌይን ማስጠንቀቂያ በግልጽ ያረጋገጠ ነው። በምርምሩ ዘመን ሰፊ የእርጅና ፈተና ተደርጎ ነበር። በብዛት የተመረቱት ክፍሎች ግን በመካከለኛ ጨረር ሲፈተኑ አቅማቸው ወደቀ። ጉዳቱ የበረታው ጨረሩ እጅግ በሚበዛበት ቦታ አልነበረም፤ ከዚያ ይልቅ ጋዙ ከሚመጣበት በኩል፣ ጨረሩ ለዘብ በሚልበት ስፍራ ታየ። ጥፋቱ ክፍሎቹ ከተገጣጠሙበት ሙጫ ማለስለሻ ኬሚካል ላይ ተደረሰበት። ቀስ እያለ የሚተነው ይህ ኬሚካል ሽቦው ላይ ካርቦን ያስቀምጥ ነበር። ጨረሩ በበረታበትና ጋዙ ወደሚወጣበት አቅጣጫ ግን የሚፈጠረው ኦዞን ቅርፊቱን ይከላከል ነበር። ስለዚህ ከባድ ጨረር የሚለቅ ፈተና ጉዳቱን ከነመከላከያው ይፈጥራል፤ የሚታየውም ደኅንነት ብቻ ይሆናል።

መመርመሪያው ዳግመኛ አልተሠራም። ለረጅም ጊዜ ጋዝ እንዲያልፍበት ተደረገ፤ በአርጎንና በካርቦን ዳይኦክሳይዱ ላይም ኦክሲጅን ተጨመረ። በ2018 መጨረሻ አገልግሎቱን ሲያበቃ በቦታው የገባው አዲስ መሣሪያ የበለጠ ብዛት ላለው ግጭት የታሰበ ነበር።

መድኃኒቱ ራሱ ጉዳት ያመጣበት ጊዜም አለ። ካርቦን ቴትራፍሎራይድ ቅርፊትን ስለሚያጥብ ብዙዎች ተማምነውበት ነበር። በሰርን የአትላስ ሙከራ የገለባ ቱቦዎች ውስጥ ግን ስብርባሪው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሆኖ ሽቦዎቹን የሚያያይዙትን የመስታወት መጋጠሚያዎች በላቸው። ጋዙ ወደ ዜኖን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ኦክሲጅን ተለወጠ። በሲኤምኤስ ሙከራ የሙዮን መመርመሪያዎች ይኸው ጋዝ እስካሁን ያገለግላል። ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በሺህዎች ጊዜ ስለሚበልጥ ምትክ እየተፈለገለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ማስረጃ አንድ ነገር በእርግጠኝነት ማለት ይቻላል። መመርመሪያዎቹን ያዳኗቸው የጋዝ ቅመሞች ብቻ አይደሉም፤ የደረሰባቸውን ጉዳት ሳይደብቁ የጻፉ ሰዎችም ናቸው። ከበርክሌይ በኋላ በ2001 በሃምቡርግ፣ በ2023 በሰርን ለዚሁ ጉዳይ ተሰብስበዋል። ከ2015 ጀምሮ በሰርን በሚሠራው የጨረር ማዕከልም መመርመሪያዎች ከሴሲየም ምንጭ ፊት ለዓመታት ይቆያሉ። ይህ ትዕግሥት ውድ ነው፤ ቦታ፣ ገንዘብና የሰው ዕድሜ ይጠይቃል። ይሁንና ለአሥርተ ዓመታት እንዲሠራ የታሰበን መሣሪያ በሳምንታት ፈተና ማመን ከዚያ የበለጠ እንደሚያስከፍል የኤል ኤች ሲ ቢ መዝገብ አሳይቷል። ቀጣዩን መመርመሪያ የሚሠሩ ሰዎችም በጀታቸውን ሲያወጡ ለዘገምተኛው ፈተና የሚያስፈልገውን ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው ሊመድቡ ይገባል።