ከመስመሩ በታች፦ የሜይንፍሬም ምናባዊ ማህደረ ትውስታና የዘፈቀደ አደላደል

አይቢኤም ሲስተም/360 የተባለውን የሜይንፍሬም ኮምፒውተር ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1964 ይፋ ሲያደርግ ለደንበኞቹ የገባው ቃል፣ ለአንዱ ሞዴል የተጻፈ ፕሮግራም በሌላውም ላይ ይሠራል የሚል ነበር። ለማሽኑ የተመረጠው አድራሻ፣ ማለትም ፕሮግራም በማህደረ ትውስታ ውስጥ ያለን እያንዳንዱን ባይት የሚጠራበት ቁጥር፣ 24 ቢት ርዝመት ስለነበረው ሊደረስበት የሚችለው መጠን ከ16 ሜጋባይት አያልፍም ነበር። ኩባንያው ቃሉን ስላከበረ የቆዩ ፕሮግራሞች እስከ ዛሬ ይሠራሉ፤ ወሰኑም አብሯቸው ኖሯል።

በ1972 የሲስተም/360 ተተኪ ለሆነው ሲስተም/370 ምናባዊ ማህደረ ትውስታ ቀረበ፤ ይህም ፕሮግራሙ የሚያየውን ስፍራ በ4 ኪሎባይት ገጾች ከፍሎ፣ ለጊዜው የማይፈለጉትን ገጾች ወደ ዲስክ የሚያወጣ ስልት ነው። ከ1974 ጀምሮ ኤምቪኤስ የተባለው ስርዓተ ክወና ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን 16 ሜጋባይት የአድራሻ ክልል ሰጠ፤ ነገር ግን የስርዓቱ እምብርትና የጋራ ፕሮግራሞች በሁሉም ክልሎች በተመሳሳይ አድራሻ ስለሚታዩ ለሥራው የሚቀረው የግል ስፍራ ከዚያ በእጅጉ ያንስ ነበር። በኋለኞቹ ስሪቶች የጋራውና የግሉ ስፍራ የሚለያዩት በሙሉ ሜጋባይት በመሆኑ፣ የጋራው ክፍል በጥቂት ገጾች ብቻ ቢያልፍ እንኳ እያንዳንዱ ሥራ አንድ ሙሉ ሜጋባይት ያጣል። በግሉ ስፍራ ውስጥ ደግሞ የተጠቃሚው ፕሮግራም ከታች ወደ ላይ፣ የስርዓቱ መቆጣጠሪያ መረጃ ከላይ ወደ ታች ያድጋሉ፤ ሁለቱ ተገናኝተው ቦታ ሲጠፋ ሥራው 878 በሚል የስህተት ኮድ ይቋረጣል። በ1983 የመጣው ኤምቪኤስ/ኤክስኤ አድራሻውን ወደ 31 ቢት፣ ስፍራውንም ወደ 2 ጊጋባይት አሳደገው፤ የ16 ሜጋባይቱ ወሰን ግን በባለሙያዎች ዘንድ «መስመሩ» ተብሎ ቀረ።

አድራሻዎች በአንድ ቦታ መጽናታቸው ለሙያው ትልቅ ጥቅም ነበረው። በአድራሻ 16 ላይ ሁልጊዜ ወደ ስርዓቱ ዋና የመገናኛ ሰንጠረዥ የሚያመለክት ቁጥር ስለሚገኝ፣ የተቋረጠ ሥራ የማህደረ ትውስታ ግልባጭ የቀረበለት ባለሙያ ከዚያ ተነስቶ መዋቅሮቹን አንድ በአንድ ይከተል ነበር። ይሁን እንጂ ለመርማሪ የሚመች ጽናት ለአጥቂም ይመቻል። በኖቬምበር 1988 የተሰራጨው የሞሪስ ትል የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በዩኒክስ ማሽኖች ላይ ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ከተመደበለት ቦታ በላይ ጽሑፍ በመላክ የፕሮግራሙን አካሄድ ወደሚታወቅ አድራሻ መጥለፍ ነበር። መልሱ የማህደረ ትውስታውን አደላደል በዘፈቀደ መለዋወጥ ሆነ፦ ፓክስ የተባለው ፕሮጀክት በ2001 አሳየው፤ ኦፕን ቢኤስዲ በ2003፣ ሊነክስ በ2005፣ ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ተቀበሉት።

የኤምቪኤስ ወራሽ የሆነው ዜድ/ኦኤስ ከእነዚህ ዘግይቶ ዘዴውን ሲይዝ፣ ሌሎቹ እምብዛም ያልተሰማቸው ወጪ ገጠመው። የግሉ ስፍራ መነሻ በዘፈቀደ ሲገፋ የተዘለሉት ገጾች ለሥራው አይውሉም፤ ከመስመሩ በላይ የሚታጣው እስከ 255 ገጽ፣ ማለትም ከ2 ጊጋባይት ውስጥ አንድ ሜጋባይት የማይሞላ ነው። ከመስመሩ በታች የሚታጣው እስከ 63 ገጽ ወይም 252 ኪሎባይት ሲሆን፣ በቁጥር ቢያንስም ቀድሞውኑ አፍ እስከ ገደፉ ለሞላ ሥራ የ878 መቋረጥ ሊያመጣ ይችላል። ጥበቃውም በዚያው ልክ ጠባብ ነው፤ መነሻው በ64 ቦታዎች ብቻ የሚለዋወጥ ከሆነ ደጋግሞ የሚሞክር አጥቂን ለረጅም ጊዜ አያግደውም፤ ሙሉ ፋይዳው የሚገኘው ከ2 ጊጋባይቱ በላይ ባለው ሰፊ የ64 ቢት የአድራሻ ክልል ነው።

ስለዚህ ስርዓቱ በደኅንነት ፈቃድ አማካይነት አንድን ሥራ በስሙ ከዘዴው ነፃ ማድረግን ይፈቅዳል። ይህ መውጫ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ነፃ እንዲሆኑ የሚጠየቅላቸው ሥራዎች በተፈጥሯቸው ከመስመሩ በታች ተጨናንቀው የቀሩት አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች ናቸው፤ እነርሱም ከሁሉ ይልቅ ጥበቃ የሚያሻቸው ናቸው። አስተዳዳሪው ዘዴውን ከማብራቱ በፊት የእያንዳንዱን ሥራ ከፍተኛ የማህደረ ትውስታ ፍጆታ መለካት፣ 252 ኪሎባይት ትርፍ ያለውን ከነፃነቱ ዝርዝር ማስወጣት፣ ከቀሩትም ሥራዎች ይዞታ ከፊሉን ከመስመሩ በላይ ማዛወር ይኖርበታል።