አበርፋን
በደቡብ ዌልስ የምትገኝ የቀድሞ የድንጋይ ከሰል ማዕድን መንደር። ጥቅምት 11 ቀን 1959 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1966) ጠዋት፣ ከተራራው ላይ ምንጭ ባለበት ስፍራ የተቆለለው የማዕድን ተረፈ ምርት በዝናብ ርሶ ተንዶ የፓንትግላስ ትምህርት ቤትንና አጠገቡ ያሉትን ቤቶች ቀበረ። ከሞቱት 144 ሰዎች 116ቱ ሕፃናት ነበሩ።

አደጋውን ያጣራው ጉባኤ ጥፋቱን ማዕድኑን ያስተዳድር በነበረው በብሔራዊ የከሰል ቦርድ ላይ ቢጥልም በወንጀል የተቀጣ የለም። ይባስ ብሎ፣ የቀሩትን ክምሮች ለማንሳት ለተጎጂዎች ከተዋጣው ገንዘብ 150,000 ፓውንድ ተወሰደ፤ የተመለሰው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያውም ያለ ወለድ።

ለትምህርት ቤት ማኅበረሰብ ግን ዋናው ጉዳይ የተረፉት ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ፣ ልጅ የሞተባቸው ወላጆች አይተዋቸው እንዳያዝኑ ሲሉ ደጅ መጫወት ይሸሹ ነበር፤ መትረፍ በራሱ እንደ ጥፋት ተሰማቸው። የሥነ ልቦና ድጋፉ ጥቂት ነበር፤ የዘመኑ ልማድም ዝምታ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት ተራፊዎች ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው በአንድ ወቅት ከአደጋ በኋላ በሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ሕመም እንደተያዙ፣ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላም ሕመሙ ያልለቀቃቸው እንዳሉ አሳይቷል።