ያበጠ የመሰለን ጡንቻ

በሬ ታርዶ ቆዳው ሲገፈፍ አጠገቡ የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ ነፍሱ ከወጣች በኋላም ሥጋው ለብቻው ይርገበገባል። ልጅ ሳለን «አልሞተም!» ብለን እንሸሽ ነበር። የዚያ መርገብገብ ምስጢር እስኪፈታ ከ1,700 ዓመት በላይ ፈጅቷል (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይውሰዱልኝ)።

በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሙ ጋሌን ከአንጎል በነርቭ በኩል የሚወርድ ረቂቅ መንፈስ አለ ብሎ አስተማረ። በ17ኛው ክፍለ ዘመንም ፈላስፋው ዴካርት ይህንኑ ይዞ፣ ጡንቻ የሚያጥረው መንፈሱ ገብቶ እንደ አቁማዳ ሲነፋው ነው አለ። አንፍረድባቸው። ክንዱን አጥፎ ጉልበቱን የሚያሳየን ጎረምሳስ የሚያሳየን እብጠት አይደል?

በ1660ዎቹ ግን ኔዘርላንዳዊው ያን ስዋመርዳም ነገሩን ለካው። የእንቁራሪት ጭን ጡንቻ ከነነርቩ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ዘጋ፤ በቱቦው ቀጭን ጫፍ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ አኖረ። ጡንቻው ከተነፋ ጠብታዋ ሽቅብ መገፋት አለባት። ነርቩን ነካው፤ ጡንቻው ተኮማተረ፤ ጠብታዋ ሽቅብ አልወጣችም። ጡንቻው በርዝመቱ ያጣውን በውፍረቱ አካካሰው እንጂ ምንም አልተጨመረበትም። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህች ጠብታ የሚበልጥ ማስረጃ የለም። ስዋመርዳም በ1680 ሞተ፤ ሙከራውን የያዘው መጽሐፉ የታተመው ግን ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ቆይቶ ነው።

ካልተነፋ ታዲያ ምን ሆኖ አጠረ? የተቀቀለ ሥጋ በጣት ሲተለተል የሚወጣው ክር የብዙ ቃጫዎች እስር ነው። እያንዳንዱ ቃጫ ብዙ ኒውክሊየስ ያለው አንድ ሕዋስ ሲሆን፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጠቆር ነጣ እያለ የተሸነተረ ነው። ይህ ሽንትር የሚሠራው ሳርኮሜር ከሚባሉ ክፍሎች ነው፤ በአንድ ሴንቲሜትር ቃጫ ላይ 4,000 ያህሉ ተቀጣጥለው ይገኛሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሐል በሃንጋሪ ሴጌድ ከተማ የአልበርት ሴንት ጆርጂ ቡድን ሚዮሲንና አክቲን ከሚባሉ የጡንቻ ፕሮቲኖች ክር ሠርቶ ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ነዳጅ ቢጨምርበት፣ ክሩ ከሕያው አካል ውጭ ተኮማተረ።

እንዴት እንደሚያጥር የሚነግረው መልስ ግን ሜይ 22 ቀን 1954 ኔቸር መጽሔት ላይ በሁለት ጽሑፎች ወጣ። አንዱ የአንድሩ ሃክስሊና የሮልፍ ኒደርገርከ፣ ሌላው የሂዩ ሃክስሊና የጂን ሃንሰን ነበር፤ ሁለቱ ሃክስሊዎች ዘመዳሞች አይደሉም። ጡንቻው ሲያጥር ጥቁሩ ሽንትር ስፋቱን አይለቅም፤ የሚጠበው ነጩ ነው። ቀጫጭኖቹ የአክቲን ክሮች በወፍራሞቹ የሚዮሲን ክሮች መሐል ይንሸራተታሉ። ሰይፍ አፎቱ ውስጥ ሲገባ ሰይፉም አያጥርም፣ አፎቱም አይጠብም። «መኮማተር» የሚለው ቃላችን እንኳ እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ከክሮቹ አንዱም አልተኮማተረም።

የሚስቡት ከሚዮሲን ላይ የወጡ ጥቃቅን ራሶች ናቸው። አክቲኑን ይይዛሉ፣ ይጎትታሉ፣ ይለቃሉ። ለመልቀቅም ኤቲፒ ያስፈልጋቸዋል። የታረደው በሬ ሥጋ የሚርገበገበው ትንሽ ስለተረፈው ነው፤ ሲያልቅበት ራሶቹ እንደያዙ ይቀራሉ፣ ሥጋውም ይገተራል።