ሁለቱ ፕራይሶች፦ የወላይታ ዝሆኔና የማጣቀሻ ቆጠራ

የሳይንስ ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ መቁጠርን ወግ ካስያዙት ሰዎች አንዱ የየል ዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ታሪክ ምሁር ዴሬክ ደ ሶላ ፕራይስ ነው። በ1970 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ መለኪያ አቀረበ፤ መለኪያው አንድ መስክ ከሚጠቅሳቸው ምንጮች ስንቱ ባለፉት አምስት ዓመታት እንደወጣ ያያል። ድርሻው ከፍ ካለ መስኩ ጠንካራ ሳይንስ ነው፤ ዝቅ ካለ የላላ። ጠባችን ከአምስቱ ዓመት ጋር ነው፤ ማስረጃውም ወላይታ ሶዶ ይገኛል።

የዴሬክ ሞክሼ ኧርነስት ፕራይስ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነበር። ምርምሩን የጀመረው ከነርቭ ጉዳት ነው፤ በሥጋ ደዌ ነርቩ የደነዘዘ እግር ለምን እንደሚቆስል ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጽፏል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሌላ ዓይነት እግር ገጠመው፦ ያበጠ፣ ቆዳው የሻከረና የጎረበጠ፣ ሲነኩት ግን የሚሰማው። ነርቩ ደህና ነው ማለት ነው። በሽታው ዝሆኔ ነው፤ ሆኖም ትንኝ የምታስተላልፈው የፊላሪያ ትልም ተጠያቂ አልነበረም። ከእርሱ በፊት ኡመን የተባለ ተመራማሪ በ1969 የ56 ገበያዎች ቆጠራ አውጥቷል፤ ገበያተኛው ሲያልፍ እግር እግሩን እያዩ ነበር የቆጠሩት።

ፕራይስ ከዚያ አልፎ ሄደ። በ1974 በሽታውን ከቀይ አፈርና ከደጋ ዝናብ ጋር አያያዘው። በ1978 ከሄንደርሰን ጋር በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ሰዎችን የሊምፍ ዕጢ መርምሮ ከአፈር የመጡ ማዕድናትን አሳየ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የ1972ቱ ነው። በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ባወጣው አጭር መጣጥፍ፣ አንድ ማሳ በባዶ እግራቸው ከሚያርሱት ሰዎች አንዱ ታሞ ሌላው ለምን እንደሚተርፍ ለሚነሳው ጥያቄ መልሱ በዘር ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ።

የዘር ሐሳቡ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተሰማም። በ2003 በወላይታ የተደረገ ጥናት ከሕዝቡ 5.46 በመቶው በሽታው እንዳለበት አገኘ። በ2006 ፋሲል ተኮላ፣ ዳምን ኃይለማርያምና ጌይል ዴቪ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ያለው ዞን በዓመት 16 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያጣ አሰሉ። በ2007 በወላይታ 59 ቤተሰቦች ላይ የተደረገው ጥናት የፕራይስን ጥርጣሬ በቁጥር አስደገፈ፤ የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ነው። በ2012 የፋሲል ቡድን 194 ታማሚዎችን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ የሰውነትን መከላከያ በሚመሩ ዘረመሎች አካባቢ ልዩነት አገኘ። ውጤቱ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ፤ ዓለምም ሰማ።

በዴሬክ ሚዛን ግን በ2012 የ1972ቱን መጣጥፍ መጥቀስ መስኩን ያላላዋል። ዘመናዊው የዘረመል ምርመራ የፈተነው ሐሳብ አርባ ዓመት ያስቆጠረ መሆኑን ሚዛኑ የሚያየው እንደ ጉድለት ነው።

ኧርነስት ፕራይስ የገመተው እንጂ ያረጋገጠው ነገር የለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን ጥያቄውን ማን አስቀድሞ ጠየቀ? መለኪያው የተሠራው ለመስክ እንጂ ለአንድ መጣጥፍ አይደለም የሚለው መከራከሪያም አያስኬድም፤ መስክ የመጣጥፎች ድምር ነውና። አንድ በሽታ ለሳይንስ ሁሉ ምስክር እንደማይሆን ግን መታወስ አለበት።

ማጣቀሻ የማይቆጥረው ሌላም ነገር አለ። የ2012ቱ ጥናት ታማሚዎች የተገኙት ሚሲዮናዊው ሐኪም ናታን ባርሎ በ1998 ሶዶ ላይ ባቋቋመው የሞሲ ፉት ማኅበር በኩል ነው። በማኅበሩ ክሊኒኮች ታማሚው እግሩን ጥቂት በረኪና ባለበት ውኃ ይዘፈዝፋል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ ቅባት ይቀባል፣ ጫማም ይሰጠዋል። ይህ አገልግሎት ባይኖር 194 ታማሚ ከየት ይሰበሰብ ነበር?

የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ የመደበው በ2011 ነው። በ2021 የዘረመሉ ውጤት በሦስት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ላይ ተደግሞ ታየ፤ የ1972ቱ መጣጥፍ ያኔ የዴሬክን የአምስት ዓመት ገደብ ካለፈ 44 ዓመት ሆኖት ነበር።