የቤቱ ቅናትና የልብ ፍርሃት
በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ከቍጥር 12 እስከ ፍጻሜው

ከዐቢይ ጾም እሑዶች ሦስተኛው ምኩራብ ይባላል። በዚህ ዕለት የሚነበበው፣ ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ በሬና በግ ርግብም የሚሸጡትን ከመቅደስ እንዳስወጣ የሚናገረው ምዕራፍ ነው። ቤት የተባለው ሕንፃው ነው፤ አንድም ጌታ ስለ መፍረሱና ስለ መነሣቱ የተናገረለት የገዛ ሥጋው ነው፤ አንድም የምእመን ልብ ነው። ሻጮቹ የሚሸጡት ለመሥዋዕት የሚሆነውን ነበር። በደላቸው በእግዚአብሔር ቤት ቆመው እግዚአብሔርን አለመፍራታቸው ነው።

በ1881 ዓመተ ምሕረት ምኩራብ የዋለው መጋቢት 2 ቀን ነበር። በዋዜማው፣ ቅዳሜ መጋቢት 1 ቀን፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ከድርቡሽ ጋራ ሲዋጉ በጥይት ቈሰሉ፤ ከዚያም ቍስል አልዳኑም።

ወደዚያ ቆላ ያወረዳቸው ምክንያት የታወቀ ነው። መተማ የደጋው ሰውና የሱዳን ነጋዴ የሚገናኙባት የቡናና የሰም፣ የባሪያም ገበያ ነበረች። በ1876 ዐፄ ዮሐንስ በዐድዋ ከእንግሊዞች ጋራ ተዋውለው በድርቡሽ የተከበበው የግብጽ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ረዱ፤ ድርቡሽም በዚህ ቂም ያዘባቸው። በጥር 1880 አቡ አንጃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በደምቢያ ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠለ። አይሁድ ለመቅደሳቸው ሥራ 46 ዓመት ቈጥረው ነበር። ከዐፄ ፋሲል ጀምሮ በ250 ዓመት ገደማ የተሠራው፣ አርባ አራቱ ታቦት እየተባለ የሚጠራው የጎንደር ክብር ግን አብዛኛው በጥቂት ጊዜ ዐመድ ሆነ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት አንዱ ነው።

ይህን የሰማ ንጉሥ ስለ እግዚአብሔር ቤት ቢቀና ማን ይነቅፈዋል? ዐፄ ዮሐንስ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋራ የነበረባቸውን ጠብ ለጊዜው ትተው ፊታቸውን ወደ መተማ አዞሩ። ቅናታቸው እውነተኛ ነበረ። ነገር ግን ታሪክን የሚመረምር ሰው ሌላውንም ገጽ ይግለጥ። ስለ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሊበቀል የወረደው ጦር ከጥቂት ወራት አስቀድሞ ጎጃምን፣ ያውም የክርስቲያን አገር፣ ንጉሡ ዐምፆአል ተብሎ ዘርፎ አጥፍቶት ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስ በመጀመሪያው ምዕራፉ እጃቸው ደም የነካ ሰዎች የሚያቀርቡት መሥዋዕትና የሚያከብሩት በዓል እንደማይወደድ ሲናገር፣ መሥዋዕቱን መንቀፉ አይደለም፤ አቅራቢውን ነው።

ከመተማው ዘመቻ 11 ዓመት በፊትም፣ በግንቦት 1870፣ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ጉባኤው በካህናት መካከል ብዙ ዘመን የቈየውን የሃይማኖት ክርክር ቈረጠ፤ ይህ መልካም ነው። ከዚያ ጋራ ግን የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። መኳንንቱ ተጠመቁ፤ ከሕዝቡ ብዙው ተሰደደ፣ ሌላውም ሸፈተ። ከቀሩት አያሌዎቹ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆነው ይኖሩ እንደ ነበር ይተረካል። እንዲህ ያለውን ሰው ግብዝ ብሎ ከመስደብ በፊት፣ ግብዝነትን ማን እንዳስተማረው መጠየቅ ይገባል። ጌታ በገመድ ጅራፍ ከመቅደስ አስወጣ እንጂ ማንንም በጅራፍ ወደ መቅደስ አላስገባም። በዚያው ምዕራፍ ፍጻሜ ደግሞ ወንጌላዊው፣ ብዙዎች ምልክቱን አይተው ባመኑ ጊዜ ኢየሱስ ራሱን አደራ እንዳልሰጣቸው፣ በሰው ልብ ያለውን ያውቅ ነበርና፣ ይነግረናል።

በመተማ ዘኪ ጠማል በእሾህ አጥር ተመሽጎ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን ጥሶ ገብቶ ድል ወደ እርሱ ሲያደላ የንጉሡ መቍሰል ተሰማ፤ ያን ጊዜ ጦሩ ተፈታና ወደ ኋላው ተመለሰ። ድርቡሽም ተከትሎ በአትባራ ወንዝ አጠገብ ሬሳውን ከያዙት ላይ ደረሰ። የንጉሡ አጎት ራስ አርአያ ሸምግለው ነበር፤ መሸሽ ሲቻላቸው ከሬሳው አጠገብ ቆሙ። የሚያዛቸውም የሚሸልማቸውም ንጉሥ አልነበረም። ጥይታቸው እስኪያልቅ ተኰሱ፤ ከዚያም በጎራዴና በጋሻ ተዋግተው እዚያው ወደቁ። የዐፄ ዮሐንስም ራስ ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።